ማማ ላይ ወይስ መሬት ላይ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ቆቅንና ሌሎች ወፎችን ተደብቆ ለማየት የሚረዳ መመሪያ

በሰሜን አሜሪካ የዱር ቱርክ ዶሮ የሚያድኑ ሰዎች ወቅቱ በደረሰ ቁጥር የሚከራከሩበት ጥያቄ አለ፤ ከፍ ባለ ማማ ላይ ወጥቶ መጠበቅ ይሻላል ወይስ መሬት ላይ ተደብቆ? አጋዘን አዳኙ ብዙም ሳያመነታ ዛፍ ላይ ወደታሰረው መቀመጫ ይወጣል፤ የቱርክ ዶሮ አዳኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከትከሻው የሚሰፋ ግንድ ተደግፎ ወይም በጨርቅ በተጋረደ መደበቂያ ውስጥ ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጣል። ልዩነቱ የመጣው አጋዘን ራሱን በይበልጥ በአፍንጫው፣ ቱርክ ዶሮ ደግሞ በዓይኗ ስለምትጠብቅ ነው። እኛ አገር የዱር ቱርክ ዶሮ የለችም፤ በዶሮ ወገን የምትመደበው ቆቅ ግን አለች፤ ንቁ ሰውን «እንደ ቆቅ የነቃ» የምንለውም ጠባይዋን አይተን ነው። ከወጨጫ ግርጌ እስከ ሱሉልታ ሜዳ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወፍን ቀርቦ ማየት የሚፈልግ ሰው ያንኑ ጥያቄ መመለስ አለበት።

ይህን የምጽፈው ባይኖኩላርና ካሜራ ይዘው ለሚወጡ ሰዎች ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ስለዚህ ጠመንጃም ሆነ ወጥመድ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የአዳኞቹን ብልሃት ግን መዋስ እንችላለን።

መጀመሪያ፦ እንስሳው ራሱን በምን እንደሚጠብቅ መለየት

አጣና ከመግዛትዎ በፊት ሊያዩት የሚፈልጉት እንስሳ አደጋን የሚያውቀው በዓይኑ ነው ወይስ በአፍንጫው የሚለውን ይወስኑ፤ ቀሪው ሥራ በሙሉ በዚህ ላይ ይመሠረታል።

ቱርክ ዶሮ የማሽተት ችሎታዋ ደካማ ነው። ዓይኖቿ ግን በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ አንገቷን ሳታዞር እስከ 270 ዲግሪ ድረስ ታያለች፤ ቀለምም በደንብ ትለያለች። በዚህ የተነሣ የሚያጋልጠው የሰው እንቅስቃሴና ከአካባቢው ጋር የማይስማማ ቅርጽ እንጂ ጠረኑ አይደለም። ቆቅም በዚህ ረገድ ዘመዷን ትመስላለች። ከሁሉ በላይ ጭልፊትና ንስር ከሰማይ ስለሚመጡባት ወደ ላይ መመልከት የዕለት ተዕለት ሥራዋ ነው። ማማ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከበስተጀርባው ሰማይ ስለሚሆን ጭንቅላቱን አንድ ስንዝር ቢያዞር እንኳ ጥላው በብሩሁ ሰማይ ላይ ጎልቶ ይታያል። ለቆቅ ማማ መሥራት በገዛ ገንዘብ ራስን ማጋለጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ድኩላን ለማየት ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ይገለበጥበታል። ድኩላ ራሱን በአፍንጫው ስለሚጠብቅና ቀና ብሎ የማየት ልማዱ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከፍታው ጠረንን በነፋስ አሻግሮ ስለሚወስድ ማማው ይጠቅማል። ጉሬዛ ግን ራሱ ዛፍ ላይ ስለሚውል የትም ቢቀመጡ ያይዎታል፤ ለእሱ መደበቂያ መሥራት ድካም ብቻ ነው።

በገፈርሳ ግድብና በሱሉልታ ሜዳ ያሉት የውኃ ወፎች ሦስተኛ ዓይነት ጉዳይ ናቸው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሣር በሚግጥበት ሜዳ ላይ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ካለው ሣር በስተቀር ብዙም አይታየው ይሆናል። እዚህ ቦታ መጠነኛ ከፍታ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ምን ያህል የሚለውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ከመሥራት በፊት ሁለት ማለዳ ማየት

ቦታን በአንድ ጉብኝት የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ለራሱ የሚመቸውን ነው። ቢያንስ ሁለት ማለዳ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰው፣ ራቅ ብለው፣ ምንም ሳይሠሩ ይቀመጡ። ቆቅ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስለምትጮህ፣ ድምፁ ከየት እንደሚነሣና በስንት ሰዓት ወደ የት እንደሚሄድ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይጻፉ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ መንገዱን በእግር ይከተሉ። የሚፈለጉት ምልክቶች በካብ ሥር ወይም በቁጥቋጦ ጥግ የሚገኝ፣ ሳህን የሚያክል ክብ ጉድጓድ የመሰለ የአቧራ መታጠቢያ፣ አጠገቡ የወደቀ ላባ፣ ከዝናብ ማግሥት በለሰለሰ አፈር ላይ ደግሞ ሦስት ጣት ወደ ፊት የዘረጋ የእግር አሻራ ናቸው። የአቧራ መታጠቢያ ካገኙ ሌላ ቦታ አይፈልጉ፤ ወፏ ልትመለስበት የምትችል ቦታ ነው።

በዚያው ጊዜ ሁለት ነገሮችን ይለዩ። አንደኛው ፀሐይ ናት፤ ለማለዳ ሥራ የመደበቂያው መስኮት ወደ ምዕራብ ቢያይ ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ወፏን ታበራልዎታለች፣ እርሷንም ፊት ለፊት ትወጋታለች። ሁለተኛው የመሬቱ ተዳፋት ነው። በእንጦጦና በወጨጫ ግርጌ ባሉት እርሻዎች ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ ቦታ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ በዳገቱ ላይ ከፍ ብሎ የተተከለ የመሬት መደበቂያ የማማን ጥቅም ያለ ማማው ወጪ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚቋጨው ይህ ነው።

ሦስተኛ፦ ባለመሬቱን ማስፈቀድ

መሬቱ ባለቤት አለው፤ ደኑ ጥበቃ አለው። በሱባ ደን ከመግባትዎ በፊት ከጥበቃዎቹ ጋር መነጋገርና ምንም ዓይነት ግንባታ ያለ ፈቃድ አለመጀመር ግዴታ ነው። በእርሻ ዳር ደግሞ ገበሬውን በአካል ማነጋገር ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ቢያንስ ሰላምታውን በእነሱ ቋንቋ «አካም ቡልተን» ብሎ መጀመር ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

እኔ መጀመሪያ ማማ ልሠራ የሄድኩት ከቡራዩ ወጣ ብሎ ባለ የገብስ ማሳ ዳር ነበር። ባለመሬቱ አዛውንት አጣናዎቹን ከጋሪ ላይ ሳወርድ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ እህሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገባ፤ አንተ አሁን ማማ ላይ ወጥተህ ምን ልትጠብቅ ነው?» አሉኝ። ቆቅ ፎቶ ለማንሳት መሆኑን ብነግራቸው ሳቁና በምርኩዛቸው ወደ ካቡ አመለከቱኝ። «ቆቅማ ቀና ብላ ካየችህ መች ትመጣልሃለች? እዚያ ካቡ ሥር ቁጭ በል፤ እኔ ከብት ስጠብቅ እግሬ ሥር ነው የምትለቅመው።» ምክራቸውን አልሰማሁም፤ ማማውን ሠራሁ፤ ለአምስት ማለዳ አንድም ቆቅ ከ40 ሜትር ወዲህ አልቀረበችም። በስድስተኛው ማለዳ ካቡ ሥር በጆንያ ተሸፍኜ ተቀመጥኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ወንድ ቆቅ ካቡ ላይ ወጥቶ አንገቱን አሰገገ፤ ደረቱ ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮች ውርጩ ባረፈበት ድንጋይ ላይ ጎልተው ታዩኝ፤ ከዚያም ወርዶ ስምንት እርምጃ ያህል ከፊቴ ገለባውን ይጭር ጀመር። ከአንዱ እግሩ ተረከዝ በላይ የበቀሉትን ሹል ጥፍሮች እንኳ ያለ ባይኖኩላር ቆጠርኳቸው።

አራተኛ፦ ውሳኔው

እንግዲህ ምርጫው በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። የሚያዩት ወፍ መሬት ላይ የሚለቅም ከሆነ፣ አካባቢው ካብ፣ ቁጥቋጦ ወይም የጽድ ሥር ካለው፣ ፎቶ ማንሳትም ከፈለጉ የመሬት መደበቂያ ይምረጡ። ከላይ የተነሣ የቆቅ ፎቶ ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አያሳይም፤ በዓይኗ ልክ ዝቅ ብሎ የተነሣው ግን ሕይወት ይኖረዋል። ሣሩ ወገብ የሚደርስ ከሆነ፣ መሬቱ ያለ አንዳች ጉብታ የተዘረጋ ሜዳ ከሆነ፣ ወይም ዓላማዎ ከሩቅ ሆኖ ወፎችን መቁጠር ከሆነ ደግሞ ማማ ይሥሩ። በሁለቱ መካከል ሲያመነቱ መሬቱን ይምረጡ፤ ቢሳሳቱ እንኳ አጥንትዎ አይሰበርም።

የአየሩን ጉዳይ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የሱሉልታ ሜዳና የአቃቂ ዙሪያ አፈር በአብዛኛው ጥቁር ኮትቻ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሐምሌ የተቀመጡበት የመሬት መደበቂያ ኩሬ ይሆናል፤ በነሐሴ ጠብቆ የቆመ የማማ ቋሚ ደግሞ በጥር ጉድጓዱ ሰፍቶበት ሲወዛወዝ ይገኛል። ስለዚህ በኮትቻ ላይ ማማ የሚሠራ ሰው ቋሚዎቹን በየወሩ መፈተሽ አለበት፤ የመሬት መደበቂያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ወቅቱን ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢያደርገው ይሻላል። ይህ ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎችም የሚገኙበት ስለሆነ የሚቀር ነገር የለም።

አምስተኛ፦ የመሬት መደበቂያ አሠራር

የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ ቁመታቸው 1.8 ሜትር የሆነ ስድስት ቀጭን አጣና፣ ስምንት ያህል የቡና ጆንያ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ገመድ፣ ዶማና ማጭድ። ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት በርካሽ ስለሚገኝ ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ ግን በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ በነፋስም ይንኮሻኮሻል፤ እባክዎ ይተዉት።

መጀመሪያ ከአቧራ መታጠቢያው ወይም ከመመገቢያው ከ8 እስከ 12 ሜትር ርቀት ላይ ቦታ ይምረጡ፤ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላለው ካሜራ ይህ ርቀት ቆቅን በሙሉ ለማስገባት ይበቃል። ጀርባው በካብ፣ በቁጥቋጦ ወይም በወፍራም ግንድ የተዘጋ ይሁን። 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ቦታ ይለኩና ድንጋዩንና ደረቅ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው ያውጡ፤ እግርዎን ባንቀሳቀሱ ቁጥር የሚንኮሻኮሽ ቅጠል ሰዓታት የፈጀ ትዕግሥትን በአንድ ቅጽበት ያበላሻል። አራቱን አጣናዎች በማዕዘኖቹ 40 ሴንቲ ሜትር ቀብረው ከመሬት በላይ 1.4 ሜትር ያህል እንዲቀር ያድርጉ፤ የቀሩትን ሁለቱን ለጣሪያ ማገር ቆርጠው በጥቁር ሽቦ ይሰሩ። ጆንያውን ከውጭ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ከውስጥ ይወጥሩ። የውስጡ መጨለም ዋናው ምሥጢር ነው፤ ከኋላዎ ብርሃን ከገባ በመስኮቱ በኩል ጥላዎ ሲንቀሳቀስ ወፏ ታያለች። ስለዚህ የኋላው ግድግዳም ጣሪያውም ያለ ቀዳዳ ይዘጉ፤ መግቢያው በጎን ሆኖ በተደራራቢ ጨርቅ ይሸፈን።

መስኮት ሁለት ይበቃል። አንደኛው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በዓይንዎ ልክ፣ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለባይኖኩላር፤ ሁለተኛው ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ለካሜራው። ስፋታቸው ከአንድ ክንድ፣ ቁመታቸው ከአንድ ስንዝር አይብለጥ።

ከውጭ ያለውን ሽፋን ከአካባቢው ጋር ማመሳሰል ብዙዎች የሚሳሳቱበት ደረጃ ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በሦስተኛ ቀኑ ጠውልጎ ቡናማ ስለሚሆን አረንጓዴ ቁጥቋጦ መካከል ይለያል። በታጨደ ማሳ ዳር የገብስ ገለባ፣ በሜዳ ዳር ሰንበሌጥ፣ በካብ ሥር ደግሞ ድንጋይ ይጠቀሙ። ሲጨርሱ ሁሉንም ማዕዘን በእጅዎ ይሳቡ፤ የሚወዛወዝ ጨርቅ ቢገኝ እንደገና ይጥበቅ። ጨርቅ በነፋስ ሲንፈራጠጥ ወፍን የሚያስደነብረው ከተቀመጠ ሰው የበለጠ ነው። ከዚያ በኋላ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ሳይገቡበት ይተዉት፤ ወፎቹ ይለምዱታል።

ስድስተኛ፦ የማማ አሠራር

የማማ ቁመት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በታች ከሣሩ ብዙም አያሻግርም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጥቅም ሳይጨምር የመውደቅ አደጋን ይጨምራል።

አራት ቋሚ አጣናዎች ያዘጋጁ፤ የሥራቸው ውፍረት ከ12 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ቁመታቸውም 5 ሜትር ይሁን። ከአገር በቀል ዛፍ፣ በተለይም ከጽድ፣ ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ባሕር ዛፍ ከበቂ በላይ አለ። ጉድጓዱ 80 ሴንቲ ሜትር ይቆፈርና ቋሚው ሲገባ ዙሪያው በድንጋይ ተጠቅጥቆ ይሞላ፤ በኮትቻ መሬት ላይ አፈር ብቻ መሙላት ከላይ ያልኩትን መወዛወዝ ያመጣል። አንዳንዶች የቋሚውን ሥር እንዳይበሰብስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ በግድብና በረግረግ ዳር ይህ ዘይት ወደ ውኃው ስለሚገባ አይደረግ፤ ሥሩን በእሳት ማጠልሸት ይበቃል። ቋሚዎቹ በቱምቢ ተለክተው ቀጥ ይበሉ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ጎን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ ሰያፍ ማገር ይመታ። ሰያፍ የሌለው ማማ ሰው ሲወጣበት ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቤት ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ የማማ ሠሪ ግን ይረሳዋል።

ወለሉ 1.5 በ1.2 ሜትር ሆኖ በተጠጋጉ አጣናዎች ይረበረብ። ዙሪያውን በ1.1 ሜትር ከፍታ መከታ ይሥሩ፤ መከታው ላይ የሚወጠረው ጆንያ ሰውነትዎን ይሸፍናል። ጣሪያ ደግሞ ለዝናብ ሳይሆን ለጥላ ያስፈልጋል፤ ከላዩ ጥላ ከሌለ ሰማይ ከጀርባዎ ሆኖ ያጋልጥዎታል።

የመሰላሉ ነገር ብዙ ቃል ይገባዋል። በአንድ ወቅት በሰበታ አቅጣጫ በሠራሁት ማማ ላይ የመሰላሉን እርከን በአንድ አንድ ሚስማር ብቻ መታሁት። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ሚስማሩ ላላ፤ ጎህ ሳይቀድ ስወርድ እርከኑ ከእግሬ ሥር ተሽከረከረና በጎኔ ወደቅሁ። ከፍታው 1.5 ሜትር ብቻ ስለነበረ ያመጣብኝ የእጅ ወለምታና የተሰበረ ሌንስ ነበር፤ ከላይኛው እርከን ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አያሻም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን እርከን በየጫፉ በሁለት ሚስማር ከመታሁ በኋላ በጥቁር ሽቦ ስምንት ቅርጽ አድርጌ አስረዋለሁ። ከዛፍና ከማማ መውደቅ የአሜሪካ አዳኞችንም ክፉኛ የሚጎዳ አደጋ በመሆኑ እነሱ ሙሉ ሰውነትን የሚይዝ የደኅንነት ቀበቶ ከመሬት ጀምሮ አስረው ይወጣሉ፤ የግንባታ ሠራተኞች የሚታጠቁት ዓይነት ቀበቶ እዚህም ስለሚገኝ ገዝተው ይጠቀሙ። ካሜራውን አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው አይውጡ፤ ከላይ ሆነው በገመድ ይጎትቱት።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ከመቅደዱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቦታዎ ላይ ይሁኑ። በዚያ ሰዓት ጅብ ወደ ማደሪያው የሚመለስበት ስለሆነና የየቤቱ ውሻ ስለሚፈታ ብቻዎን አይሂዱ፤ ባትሪ ይያዙ፣ ሲቃረቡ ግን በቀይ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሁለት ሆኖ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወፎች ሁለት ሰው ሲገባ አይተው አንዱ በግልጽ ወጥቶ ሲሄድ ሰው ሁሉ የሄደ ይመስላቸዋል። እኔ ከዘመዴ ልጅ ጋር ስሄድ እሱ 20 ደቂቃ ቆይቶ እያፏጨ ይወጣና መንገድ ዳር ሻይ እየጠጣ ይጠብቀኛል።

ልብስዎ ግራጫ ወይም ቡናማ ይሁን፤ ነጭ ጋቢ ቢበርድም አይለበስ፣ ከውስጥ ግን ይደራረብ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሱሉልታ ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። እጅና ፊት ከሁሉ በላይ ያጋልጣሉ፤ ስካርፍና ጓንት ያድርጉ። ስልክዎን ያጥፉ። ወፏ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ካቆመች ያዩትን ሁሉ ትተው እንዳሉ ይርጉ፤ ዝቅ ብላ መልቀም ስትጀምር ብቻ ካሜራውን ያንቀሳቅሱ። እረኛ ልጆች መምጣታቸው አይቀርም፤ ከመቆጣት ይልቅ ባይኖኩላሩን ለአንድ ደቂቃ ቢያሳዩአቸው ነገ ከብቱን ወደ ሌላ በኩል ይነዱልዎታል። ጎጆ የሠራች ወይም ጫጩት የያዘች ወፍ ካጋጠመችዎ ግን መደበቂያውን በዚያው ቀን ያርቁት።

ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ቆቅ ወደ ጥላ ስለምትገባ መቆየቱ ብዙም አይጠቅም። ሲወጡም ወፏ አጠገብዎ ካለች አይውጡ፤ ራሷ እስክትሄድ ይጠብቁ፤ አንዴ ሰው ከውስጡ ሲወጣ ያየችበትን ቦታ ለሳምንታት ትሸሸዋለች።

የመኸር እርሻ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ያፍርሱ። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው በቆርቆሮ ይሰብስቡ፤ በዚያ ማሳ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ልጆች አሉ። ጉድጓዶቹን በድንጋይና በአፈር ሞልተው ይርገጡ፤ በሣር የተሸፈነ የቋሚ ጉድጓድ የበሬ እግር ይሰብራል። አጣናዎቹ ለባለመሬቱ ይቀራሉ፤ የእኔዎቹ ዛሬ የእኚያ አዛውንት የጥጃ በረት ሆነዋል።